አንዴ ይድገሙልኝ

ልብስ ሰፊዋ ኮሪያኛ የምታስተምረው በጥቁር ሱፍ ጨርቅ ላይ ነበር። ጨርቁን ጭኗ ላይ ትዘረጋና በስፌት ጠመኔ ትጽፋለች፤ ተማሪዋ ያነባል፣ ይሳሳታል፣ እሷ በመዳፏ ጠረግ አድርጋ እንደገና ትጽፋለች። ሰሌዳ ከጎረቤት መዋስ አያቅታትም ነበር። ግን ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጭን ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ለማንበብ ደግሞ ተማሪው ጠጋ ማለት አለበት። አስባበት ነው ወይስ እንዲያው ሆኖ ነው? እሷን ብትጠይቋት «ጠመኔዬ ከጨርቅ ሌላ አይጽፍም» ትላችኋለች። እንመናት እንግዲህ።

ተማሪዋ ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ በርና መስኮት ሲበይድ ይውልና፣ አመሻሹ ላይ ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አርጥቦ፣ እጅጌው በእሳት ፍንጣሪ የተበሳ ሸሚዝ ይዞ ብቅ ይላል። ሸሚዙ ይጣፋል፣ እሱ ይማራል። ከመጋረጃው ጀርባ የሚተኙት እናቷ ታዲያ «ይሄ እሳት ጉድ ነው እኮ! የትምህርቱን ቀን እየጠበቀ ነው እጅጌውን የሚበሳው» ይሉ ነበር።

ኮሪያኛውን ልብስ ሰፊዋ የተማረችው ለራሷ ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ለውጭ አገር ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያዘጋጅ ማሠልጠኛ ገብታ፣ ፈተናውን አልፋ፣ ሻንጣ ሁሉ ገዝታ ነበር። ሻንጣው ውስጥ አንድ ቀሚስ እንኳ ሳይገባ እናቷን ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸው። ሻንጣው አልጋ ሥር ገባ፣ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ማንም አላስገደዳትም፤ እሷም ለማንም አላማረረችም። ኮሪያኛው ብቻ እንዳልተለበሰ አዲስ ልብስ ውስጧ ተጣጥፎ ቀረ።

በያጁን እንድታስተምር የለመነቻት ታላቅ እህቱ ናት። አትክልት ሻጭ ናት፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ወገቧን የሚያማት በእሱ ይሁን በጎመኑ እሷም አታውቅም። እሱ እዚያው ማሠልጠኛ ገብቶ የመጀመሪያውን ፈተና በወደቀ ማግስት ወገቧን በሻርፕ ጥፍር አድርጋ መጣች።

«ስሚኝ የኔ እህት፣ ይሄ ልጅ ጭስ ሲውጥ ሊያረጅብኝ ነው። እኔ ብናገር ባንድ ጆሮው ገብቶ ባንዱ ይወጣል። ያንቺን ግን ይሰማል። እንዲያልፍ አድርጊልኝ።»

«እሞክራለሁ እትዬ።»

«ሞክሪ አላልኩሽም። ቃልሽን ስጪኝ ነው ያልኩሽ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እዚህ ምን እንደሚያስቀረው ደግሞ አውቃለሁ፤ ዓይን አለኝ። ሰውን የሚወድ ሰው መንገድ አይዘጋበትም።»

ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯ መሃል አስፒል ነክሳ ነበር። አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ቃል ለመስጠት አፍ መክፈት እንደማያስፈልግ ያን ቀን ተማረች።

ትምህርቱ ግን አልሄድ አለ።

«አንኞንግ ሃሴዮ። ሰላምታ ነው፤ ጠዋት ፋብሪካ ስትገባ የምትለው» ትለዋለች።

«አንኞ… አንኞን… ዳሺ ሃንቦን ማልሄ ጁሴዮ» ይላል በያጁ።

ይህቺ የመጨረሻዋ «እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ» ማለት ናት። እሷን እንደ ውኃ ነበር የሚያፈስሳት።

«ቆይ አንተ፣ ያን ሁሉ ርዝመት እያልክ ሰላምታው ያቅትሃል?»

«ረጅሙ ይጠቅመኛል።»

«ምን ይጠቅምሃል?»

«ስትደግሚው ነዋ የሚገባኝ፣ መምህርት።»

ከመጋረጃው ጀርባ እናትየዋ ይደርባሉ፤ «አንኞንግ ሃሴዮ በላት እንጂ አንተ ብረት! እኔ በግማሽ ምላሴ የያዝኩትን!» እውነታቸውን ነው። አልጋ ላይ ውለው አልጋ ላይ የሚያድሩት ሴትዮ ሰላምታውን፣ ምስጋናውን፣ ይቅርታውን ሁሉ ለቅም አድርገው ይዘውታል። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ትገረም ነበር፤ ግን ከመገረም አላለፈችም።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ፋብሪካ ውስጥ አደገኛ ቦታ አለ፤ ማሽን የሚዞርበት፣ ብረት የሚቀልጥበት። ጓደኛህ ወደዚያ ሲያመራ ካየህ «ካጂ ማሴዮ!» ብለህ ትጮኻለህ። «አይሂዱ!» ማለት ነው።

«ካጂ…» ይልና ይቆማል። ዓይኑ ከጨርቁ ላይ ተነስቶ ከንፈሯ ላይ ያርፋል። «ዳሺ ሃንቦን ማልሄ ጁሴዮ።»

«ካጂ ማሴዮ።»

«አንዴ ደግሞ።»

«ካጂ ማሴዮ! ኧረ ካጂ ማሴዮ! ምን ዓይነት ጆሮ ነው? እስቲ አሁን ይሄ ይከብዳል? ካጂ ማሴዮ!»

እሱ እንደ ሕፃን አገጩን በመዳፉ ይዞ ይሰማታል። ሲሰማ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ያ የብረት ትከሻው ሁሉ ላላ ይላል። እሷም ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ ስፌቷ ትመልሳለች፤ ምክንያቱም አስተማሪ ተማሪዋን ያን ያህል ጊዜ አታይም።

ፈተናው ሲቃረብ የአካል ክፍሎችን ጀመሩ። ፋብሪካ ውስጥ ሰው ሲጎዳ አለቃው መጥቶ «ኦዲጋ አፓዮ?» ይላል፤ የት ጋ ነው የሚያምህ? እዚያ ላይ መሳሳት አያዋጣም።

«ኦዲጋ አፓዮ?» አለችው።

በያጁ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሶን።»

«ሶን እኮ እጅ ነው! ደረት ካስም ነው። ደረትህን አሞህ እጅህን ሲጠቀልሉልህ ይታይህ!»

«እጄም ያመኛል።»

«በቃ ቀልዱ!»

የጮኸችበት በእሱ ብቻ ተናዳ አልነበረም። ያን ቀን ጠዋት እህቱ ደጃፏ ላይ ቆማ «እንዴት ነው ታዲያ? ገባው?» ስትላት ወገቧን ይዛ ነበር፤ ያ አያያዟ ከዓይኗ አልጠፋም። አንገቷን ነቅንቃ የሰጠችው ቃል አሁንም እንደ አስፒሉ እየወጋት ነበር። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

«ስማኝ» አለች። «ይሄን ፈተና ከወደቅክ በዚህ በር እንዳላይህ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

በያጁ መቀሱን ትክ ብሎ አየው። «እንድሄድ ትፈልጊያለሽ ማለት ነው?»

አዎ ለማለት አፏ እምቢ አላት፤ አይ ለማለት ቃሏ። ስለዚህ የእህቱን ንግግር ተውሳ ተናገረች። «ሰው ሲያልፍለት ማየት እፈልጋለሁ። ጭስ ሲውጥ ከሚያረጅ።»

«ገባኝ» አለ።

ከጀመሩ ወዲህ አንድ ነገር ሳያስደግም የገባው ያን ቀን ነበር።

በሚቀጥለው ትምህርት ሸሚዝ ሳይዝ መጣ። ጠጋ ሳይል፣ በሩ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሰላምታውን ጠየቀችው፤ መለሰ። ሰዓት ጠየቀችው፤ መለሰ። መሣሪያ፣ ቀለም፣ የአደጋ ምልክት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ድምጹ ሳይሰበር፣ እንደ ልጅ ሳይስቅ መለሰ። ጠመኔዋ እጇ ላይ ቀረ፤ የሚጠረግ ስህተት አልነበረም።

«ኦዲጋ አፓዮ?» አለችው በመጨረሻ።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ዓይን ዓይኗን እያየ «ካስሚ አፓዮ» አለ። ደረቴን ያመኛል። አንዲት ድምፅ አላዛነፈም።

«ጎበዝ!» አለች። አጨበጨበችለትም። «ከመቶ መቶ!»

ከዚያ «ካውያው ቀዘቀዘብኝ» ብላ የከሰል ካውያዋን አንጠልጥላ ጓሮ ወጣች። ፍሙን ማራገብ ጀመረች፤ ፍሙ ሲቀላ ዓይኗም ቀላ። ሲገባው ደስ ሊላት ይገባ የለ? አስተማሪ አይደለች? ታዲያ ተማሪዋ የሚያመውን በትክክለኛው ቋንቋ ሲነግራት ደረቷ ላይ የድንጋይ ያህል የከበዳት ምንድነው? ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ስትመለስ ዱካዋ ባዶ ነበረች።

«ሄደ» አሉ እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ። «እኔን እንኳ ደህና ይደሩ ሳይለኝ።»

ፈተናውን አለፈ። እንዴት አያልፍ! እህቱ በደስታ ወገቧን ረስታ ሰፈሩን አዳረሰችው። የብየዳ ቦታው ለሌላ ሰው ተላለፈ። ልብስ ሰፊዋም ከሰው ሁሉ እኩል «እንኳን ደስ ያለህ» አለች፤ ከመንገዱ ማዶ ሆና፣ እጇን ከፍ አድርጋ። እሱም እጁን ከፍ አደረገ። በመሃላቸው መኪና አለፈ።

ሊሄድ ሲል በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሊሰናበት መጣ። በቀጥታ ወደ እናትየዋ አልጋ ነበር የሄደው። አልጋው ጎን አንዲት የብረት መያዣ አለች፤ እናትየዋ በደህናው እጃቸው ይዘዋት ቀና የሚሉባት። እሱ ነው የሠራላቸው። ትምህርቱን የጀመሩ ሰሞን አልጋውን አንዴ አይቶ ሄደ፤ ሜትር አላወጣም፣ ምልክት አላደረገም፤ በነጋታው አምጥቶ ሲገጥማት ልክክ አለች። አሁን ያቺኑ ብረት ደጋግሞ ዳሰሳት።

«እንዳትላላብዎ እማማ። ከተነቃነቀች ለአዲሱ ልጅ ይንገሩት።»

«አዲሱን ልጅ ምን ላድርገው» አሉ እናትየዋ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለችና ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎተተችው። አቧራውን ቀድማ ጠርጋው ነበር። ውስጡ እሷ ጋ የቀሩት የተጣፉ ሸሚዞቹ ሁሉ፣ እጅጌያቸው ተተኩሶ፣ ተደርድረው ነበር።

«ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«የኔ መንገድ ተዘግቷል» አለች። «እሱ እንኳ ይሂድ።»

ሻንጣውን ሲቀበላት ጣቶቹ የእሷን ነኩ፤ ሁለቱም የሻንጣውን እጀታ አልለቀቁም። እሱ የምትለው ነገር ካለ ጠበቀ። እሷም የሚያስደግማት ነገር ካለ ጠበቀች። ከዚያ አንዱ ለቀቀ፤ ማን እንደሆነ ኋላም ስታስበው አታውቀውም።

በነጋታው ጠዋት ስፌቷ ላይ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋች፣ ፔዳሉን እንደ ጠላት ትረግጠዋለች።

«ሄደ?» አሉ እናቷ።

«ከማሠልጠኛው በር አውቶቡስ ይወስዳቸዋል። ገና ነው መሰለኝ።»

«ሳትነግሪው?»

«ምኑን ነው የምነግረው እማዬ? በስንት ልፋት ያስተማርኩትን! ያ ሁሉ ድንቁርናው…»

«ድንቁርና!» እናትየዋ ብረታቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ነይ እስቲ ወደዚህ። መጋረጃውን ግለጪው፣ ፊትሽን ልየው። እኔ ኮሪያኛውን ከማን የተማርኩት ይመስልሻል?»

«እዚህ ተኝተሽ ስትሰሚ ነዋ።»

«አንቺ ልብስ ልታደርሺ ስትወጪ ማን ነበር እኔ ጋ የሚቀመጠው? እሱ ነው ያስጠናኝ! ከሀ እስከ ፐ! አንቺ ጨርቅሽ ላይ ልትጽፊ ያሰብሽውን ሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል። ይሄን ብረት አንዴ አይቶ የሠራ ልጅ 'እንደምን አደራችሁ' ማለት ያቅተዋል? ልጄ፣ አንቺ ብልህ ነሽ፤ ግን ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

የስፌት መኪናው ጎማ ብቻውን ሁለቴ ዞሮ ቆመ።

«ለምን ታዲያ…»

«'እማማ፣ ካወቅኩት ትምህርቱ ያልቃል። ትምህርቱ ካለቀ በምን አሳብቤ እመጣለሁ?' አለኝ። 'ወድቄ ልቅር' አለኝ። አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ዋሸሁ፤ ለራሴም ብዬ ነው። እንዲቀርልሽ ፈልጌ። አንቺ በዚህ በር እንዳላይህ ያልሽው ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ግማሿ ምላሴም እምቢ አለችኝ።» እንባቸው በአንድ በኩል ብቻ ወረደ። «ያቺን 'አይሂዱ' የምትለዋን ምን ያህል እንዳስደገመሽ ልብ አላልሽም? አንቺ ስትቆጪ እኔ እዚህ ትራሴን ነክሼ ስስቅ። ልጁ እኮ ትምህርት አልነበረም የሚሰማው።»

ካጂ ማሴዮ። ኧረ ካጂ ማሴዮ። ምን ዓይነት ጆሮ ነው?

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች፤ ተቀመጠች፤ እናቷን አየች።

«ብቻሽን…»

«ብረቴን ይዤ እቆያለሁ። ሂጂ!»

ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ የስፌት ቆቧ ጣቷ ላይ እንዳለ ሮጠች። በመንገድ ያያት ሁሉ ልብስ ልትለካ የምትሮጥ ነው የመሰለው፤ «ኧረ ቀስ፣ ደንበኛው አይወፍርም!» ያላትም አልጠፋም። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር ይዛ የምትሮጠው፤ እንዳይወድቅባት ከንፈሯን ገጥማ። አትሂድ። እንዳትሄድ። ቅር።

ማሠልጠኛው በር ላይ ስትደርስ ሁሉም ገብተዋል። አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገው፣ በአውቶቡሱ መስኮት በተርታ፣ ወንድምን ከወንድም መለየት እስኪያቅት። እሱን ግን በትከሻው ለየችው። መስታወቱ የማይከፈት ዓይነት ነው። ሞተሩ ተነስቷል።

ከመስኮቱ ሥር እህቱ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋን ስታይ ፊቷ በአንድ ጊዜ ሳቀም አለቀሰም፤ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«መጣሽ! እኔ እኮ አትመጣም ብዬ… ቃልሽን ጠበቅሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ብሞት አይቆጨኝም።»

ሌላ እጇ ወገቧ ላይ ነበር።

አሁን «አትሂድ» ብትል ይሄ እጅ ምን ይሆናል? ይሄ ፊት ምን ይሆናል? ባትልስ? ቀና አለች። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ሜትሯን፣ የስፌት ቆቧን፣ እንደ ፍም የቀላ ፊቷን እያየ ነው። ገብቶታል፤ የሆነ ነገር እንዳወቀች ገብቶታል። ኮፍያውን አወለቀ።

አፏን ከፈተች። እህቱ አጠገቧ ቆማ፣ እጇን እንደያዘች፣ በማታውቀው ቋንቋ ተናገረች።

«ካጂ ማሴዮ።»

በያጁ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ ጆሮው ላይ አደረገ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምጽ አልመጣም፤ ግን ያቺን ረጅም ዓረፍተ ነገር የምታውቃትን ያህል ማንም አያውቃትም። ዳሺ ሃንቦን ማልሄ ጁሴዮ።

መስታወቱና ሞተሩ ከልክለውት ነው? ወይስ እንደ ድሮው፣ ሰምቶ ነው?

«ካጂ ማሴዮ» አለች ጮክ ብላ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እጁ ከጆሮው አልወረደም። አብራ መራመድ ጀመረች፤ «ካጂ ማሴዮ፣ ካጂ ማሴዮ»፤ እህቱም በእሷ እየተጎተተች፣ ወገቧን እንደያዘች አብራ ትራመዳለች። ያቺን በስፌት ክፍሏ እየተቆጣች፣ እየተሳለቀች፣ መቀስ እየወረወረች ያስተማረቻትን ቃል አሁን እንደ ልመና፣ እንደ ጸሎት አደረገቻት። አውቶቡሱ መታጠፊያው ጋ ደረሰ። መጨረሻ ያየችው መስታወት ላይ የተለጠፈ መዳፍ ነው፤ ዙሪያውን የትንፋሽ ጭጋግ የለበሰ።

እሷ አላቆመችም። አውቶቡሱ ከተሰወረ በኋላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለባዶው መንገድ ደጋገመችው።

«ምን እያልሽው ነው የኔ እህት?» አለቻት እህቱ፣ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷ ላይ የቀረውን የስፌት ቆብ አየችው።

«በሰላም ግባ ነው እትዬ» አለች። «አልሰማ ብሎኝ፣ እየደገምኩለት ነው።»